ምዕራፍ 7፦ ጾመኛ በሰፈር የቻይና ምግብ ቤት

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ፣ የእኛ ሰው በብዛት በሚኖርባቸው እንደ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ባሉ ከተሞች፣ አንድ ትንሽ የቻይና ምግብ ቤት ሳያዩ ብዙ መንገድ መሄድ አይቻልም። ቤቱ ጠባብ ነው። በአንድ በኩል የልብስ ላውንደሪ፣ በሌላው የጥፍር ቤት ያጅበዋል፤ ከፊቱ የመኪና ማቆሚያ አለ። ሲገቡ ባንኮኒ፣ ከባንኮኒው በላይ ፀሐይ ያደበዘዛቸው የምግብ ፎቶዎች፣ አምስት ስድስት ጠረጴዛ፣ ከጀርባ ደግሞ ፋታ የሌለው የእሳትና የብረት ድምፅ። ምግቡ ቶሎ ይደርሳል፤ ዋጋው ለተማሪም ለታክሲ ሹፌርም አይከብድም፤ ማታም አምሽቶ ይዘጋል። ከሥራ ደክሞት የወጣ ሰው እግሩ ወደዚያ ቢያመራ አይገርምም።

ቀኑ ረቡዕ ከሆነ ግን «የጾም ምን አላችሁ?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል። አስተናጋጇ ሜኑውን ገልጣ «አትክልት» የሚል ርእስ ያለበትን ገጽ ታሳያለች። ቶፉ አለ፣ ፎሶሊያ አለ፣ ደበርጃን አለ፣ ብሮኮሊ አለ። አንዱ ጾመኛ ገጹን አምኖ ያሻውን ያዛል። ሌላው ምን እንደሚጨመርበት አላውቅም ብሎ ነጭ ሩዝ ብቻ ይዞ ይወጣል። የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ ሳያውቀው ጾሙን ይገድፋል። ሁለተኛው ደግሞ በዓለም ላይ ካሉት ረጅም ታሪክ ያላቸው የአትክልት አበሳሰሎች በአንዱ ደጃፍ ቆሞ ሳይበላ ይመለሳል። ሁለቱም ያጡት አንድ ዓይነት እውቀት ነው፤ ምግቡ በምን ሶስና በምን መረቅ እንደሚሠራ።

መልካሙን ነገር እናስቀድም። በቻይና ወጥ ቤት ቅቤ፣ ወተትና አይብ ቦታ የላቸውም ማለት ይቻላል። አብዛኛው የምሥራቅ እስያ ሕዝብ ካደገ በኋላ የወተትን ስኳር የመፍጨት አቅሙ ይቀንሳል፤ ምግቡም ከጥንት ጀምሮ የተገነባው በዘይት፣ በአኩሪ አተርና በእህል ላይ ነው። በጣሊያን ምግብ ቤት ጾመኛን የሚያደክመው «ቅቤ ነክቶታል? አይብ አለበት?» የሚል ምርመራ እዚህ አያስፈልግም። መጠየቅ ያለበት ስለ ሥጋ፣ ስለ ሥጋ መረቅ፣ ስለ ባሕር እንስሳና ስለ እንቁላል ብቻ ነው።

ቶፉን ብዙ ሰው ሥጋ ለማይበሉ ሰዎች የተፈጠረ ምትክ አድርጎ ይመለከተዋል። በቻይና እንዲያ አይደለም። ቶፉ ራሱን የቻለ ምግብ ነው፤ ከሥጋ ጋርም፣ ከዓሣ ጋርም፣ ብቻውንም ይሠራል። አፈ ታሪኩ ፈጠራውን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው ክፍለ ዘመን ለነበረው ለሁዋይናን ልዑል ለሊዩ አን ይሰጣል። በጽሑፍ በግልጽ የተጠቀሰው ግን በ10ኛው ክፍለ ዘመን ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፦ አኩሪ አተር ይዘፈዘፋል፣ ከውኃ ጋር ይፈጫል፣ ይፈላል፣ ይጠለላል። ከዚያ የተጠለለው ነጭ ፈሳሽ እንዲረጋ ጥቂት ማርጊያ ይጨመርበታል። በቻይና የተለመደው ማርጊያ ጄሶ ነው፤ ለምግብ የተጣራው ካልሲየም ሰልፌት። የረጋው በጨርቅ ተጠቅልሎ ይጨመቃል። ብዙ ከተጨመቀ ጠንካራ፣ ጥቂት ከተጨመቀ ለስላሳ ይሆናል። ከ100 ግራም ጠንካራ ቶፉ ከ10 ግራም በላይ ፕሮቲን ይገኛል፤ በጄሶ ከረጋ ካልሲየሙም ጥሩ ነው። ሁዳዴን 55 ቀን ለሚጾም ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከቻይና የአትክልት አበሳሰል በስተጀርባ ያለው ግን የገዳም ወጥ ቤት ነው። ከ502 እስከ 549 በደቡብ ቻይና የነገሠው የሊያንግ ንጉሥ ዉ ብርቱ የቡድሃ እምነት ተከታይ ነበር። እርሱ ራሱ ሥጋ መብላት ትቶ መነኮሳትም ሥጋና መጠጥ እንዲተዉ አዘዘ። በሌሎች አገሮች ብዙ የቡድሃ መነኮሳት ምእመን የሰጣቸውን ሥጋ እስከ ዛሬ ይበላሉ፤ የቻይና ገዳማት ግን በዚያ ትእዛዝ መንገድ ጸንተው ቀሩ። በየገዳሙ ሥጋ የማያውቅ ወጥ ቤት ተከፈተ፤ እንግዳና ተሳላሚ የሚስተናገድበት ስለሆነም ምግቡ መጣፈጥ ነበረበት። በሶንግ ዘመን፣ ከ10ኛው እስከ 13ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ፣ በዋና ከተሞቹ በካይፈንግና በሃንግዡ አትክልት ብቻ የሚያቀርቡ ምግብ ቤቶች ነበሩ። በሻንጋይ በ1922 የተከፈተው ጎንግደሊን የዚሁ ወግ ታዋቂ ወራሽ ነው።

የገዳሙ ወጥ ቤት ካበረከታቸው ነገሮች አንዱ የስንዴ ሥጋ የሚባለው ነው። የስንዴ ሊጥ በውኃ ውስጥ ሲታሽ ስታርቹ ታጥቦ ይሄዳል፤ የሚቀረው የሚለጠጥ ግሉተን ተቀቅሎ ወይም ተጠብሶ እንደ ሥጋ ይታኘካል። የ11ኛው ክፍለ ዘመን ሊቅ ሼን ኩዎ ብረት እንዴት እንደሚጠራ ሲያስረዳ ይህንኑ የስንዴ ግሉተን በምሳሌነት ጠቅሶታል፤ ለአንባቢዎቹ አዲስ ነገር አልነበረም ማለት ነው። በዛሬው የሰፈር ሜኑ ላይ «ሞክ ዳክ» የሚል ካዩ ዳክዬ የለበትም፤ ይኸው ግሉተን ነው።

ሌላው «ቡድሃስ ዲላይት» በሚል ስም በሁሉም ሜኑ ላይ የሚገኘው ምግብ ነው። በቻይና ብዙ ቤተሰብ በአዲስ ዓመት የመጀመሪያ ቀን ይበላዋል፤ በዚያን ቀን ሥጋ አለመብላት ዓመቱን ይባርካል ተብሎ ይታመናል። ባህላዊው የደረቀ እንጉዳይ፣ የቶፉ ቆዳ፣ የአበባ እምቡጥ፣ ከእንጨት ላይ የሚበቅለውን ጥቁር እንጉዳይና ከባቄላ ዓይነት እህል የተሠራ ስስ ኑድል የያዘ ሲሆን አሥርና ከዚያ በላይ ዓይነት ነገር ይገባበታል። በአሜሪካ የሰፈር ቤት የሚቀርበው ብዙውን ጊዜ ብሮኮሊ፣ ካሮት፣ ጥቅል ጎመንና ቶፉ ነው። የቀለለ ቢሆንም አይናቅም።

ታዲያ ይህን ያህል የአትክልት ጥበብ ያለው ሕዝብ በ«አትክልት» ገጹ ላይ ሥጋ ለምን ያስገባል? የገዳም ምግብና የቤት ምግብ ሁለት የተለያዩ ወጎች ስለሆኑ ነው። በተራ ገበሬ ቤት ሥጋ ውድ ነበር። ጥቂት የተፈጨ የአሳማ ሥጋ ለአንድ ትልቅ ሳህን ፎሶሊያ እንደ ቅመም ይገባል፤ የአጥንት መረቅም በውኃ ፋንታ ይጨመራል። እኛ በፍስክ ቀን ጎመን ላይ አንድ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ጣል አድርገን ያው ጎመን እንደምንለው፣ ለቻይናዊው ወጥ ሠሪም ፎሶሊያው ፎሶሊያ ነው። በሜኑው ላይ የተጻፈው በሳህኑ ውስጥ የሚበዛው ነገር ስም ነው። ይህ ማታለል አይደለም፤ የምግብ አሰያየም ልማድ ነው።

የሰፈሩ ምግብ ቤት የወረሰውም የገዳሙን ሳይሆን ይህንኑ የቤት ወግ ነው። የመጀመሪያዎቹ ቻይናውያን ወደ አሜሪካ የመጡት በአብዛኛው ከጓንግዶንግ ጠረፍ፣ በተለይም ከታይሻን አካባቢ፣ ለወርቅ ፍለጋና ለባቡር ሐዲድ ሥራ ነበር፤ መነኮሳት አልነበሩም፣ የሠለጠኑ ወጥ ሠሪዎችም አልነበሩም። በ1882 የወጣው ሕግ ቻይናውያን ሠራተኞች ወደ አገሪቱ እንዳይገቡ ከለከለ። ነጋዴዎች ግን መግባት ይችሉ ነበር። በ1915 አንድ ፍርድ ቤት የምግብ ቤት ባለቤትም እንደ ነጋዴ ይቆጠራል ብሎ ወሰነ። ከዚያ ወዲህ ገንዘብ አዋጥቶ ምግብ ቤት መክፈት ዘመድን ከአገር ቤት ለማምጣት ከቀሩት ጥቂት ሕጋዊ በሮች አንዱ ሆነ፤ የቻይና ምግብ ቤቶች ቁጥርም በፍጥነት አደገ። ክልከላው የተነሣው በ1943 ነው፤ እሱም በዓመት 105 ሰው ብቻ እንዲገባ በሚፈቅድ ኮታ። በሩ በእውነት የተከፈተው ከ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ በኋላ ነው። ከ1980ዎቹ ወዲህ ብዙዎቹን የሰፈር ቤቶች የያዙት ከፉጂያን ግዛት፣ ከፉዡ አካባቢ የመጡ ስደተኞች ናቸው። በስደት ከሰው አገር ገብቶ ምግብ ቤት ከፍቶ ልጅ ማሳደግ ምን ማለት እንደሆነ የዋሽንግተን ኢትዮጵያዊ ከማንም በላይ ያውቃል፤ ለዚህም ነው ከባንኮኒው ጀርባ ያለችውን ሴት በትዕግሥት እንድናነጋግራት የምፈልገው።

አሁን ወደ ምድጃው እንቅረብ፤ ጾመኛን የሚመለከተው ሁሉ እዚያ ነው። ዎክ የሚባለው ጎድጓዳ ምጣድ የሚጣድበት የምግብ ቤት ምድጃ የቤት ምድጃ ከሚሰጠው ሙቀት ብዙ እጥፍ ይሰጣል። አንድ ሳህን በሁለት ሦስት ደቂቃ የሚደርሰው በዚህ ምክንያት ነው። በዚያ ፍጥነት ለእያንዳንዱ ትእዛዝ ሶስ ከባዶ መሥራት ስለማይቻል ወጥ ሠሪው ጠዋት ያዘጋጃቸው ዋና ዋና ሶሶች አጠገቡ ይቀመጣሉ። ቡናማው ሶስ ብዙ ጊዜ ሶያ ሶስ፣ ስኳር፣ የኦይስተር ሶስና የዶሮ መረቅ ይዟል፤ በበቆሎ ስታርች ይወፍራል። ነጩ ሶስ የዶሮ መረቅ፣ ጨውና ስታርች ነው። በሰሌዳው ላይ «ብሮኮሊ በቡናማ ሶስ» የሚለው ምግብ ሥጋ አይታይበትም፤ ሆኖም ዶሮም የባሕር እንስሳም ነክቶታል። መረቅ ባይኖርም የዶሮ ዱቄት የሚባል ማጣፈጫ በማንኪያ ይጨመራል።

ኦይስተር በዛጎል ውስጥ የሚኖር የባሕር እንስሳ ነው፤ ብዙ ኢትዮጵያዊ ክርስቲያን በፍስክ ቀንም አይበላውም። ከኦይስተር የሚሠራው ሶስ በ1888 በጓንግዶንግ ሊ ኩም ሼንግ በሚባል ሰው እጅ እንደተገኘ ይነገራል፤ ኦይስተር እሳት ላይ ረስቶት ከርሮ ወፍራም ጥቁር መረቅ ሆኖ አገኘው ይባላል። ሰውየው የመሠረተው ሊ ኩም ኪ ዛሬም በዓለም ይሸጠዋል። ከእንጉዳይ የሚሠራ፣ ጣዕሙ ተቀራራቢ የሆነ የጾም ዓይነትም በገበያ አለ፤ አንዳንድ የሰፈር ቤትም ያስቀምጠዋል። ስለዚህ «ኦይስተር ሶስ የሌለው» ብሎ መጠየቅ ለወጥ ሠሪው እንግዳ ጥያቄ አይሆንበትም።

ወደ ምግቦቹ ስንመጣ፣ መጠንቀቅ የሚገባው በጣም በሚጣፍጡት ላይ ነው። ማፖ ቶፉ የሲቹዋን ዋና ከተማ የቼንግዱ ምግብ ነው፤ መነሻው በ1862 ገደማ በአንድ ድልድይ አጠገብ የነበረ የቸን ቤተሰብ ምግብ ቤት እንደሆነ ይነገራል። ለስላሳ ቶፉ ከባቄላና ከበርበሬ በተብላላ ቀይ ድልህ ይሠራል፤ ምላስ የሚያደነዝዝ የሲቹዋን ቅመም ይነሰነስበታል። በርበሬ ለለመደ ሰው ከዚህ የሚቀርብ የቻይና ምግብ የለም። ግን በመጀመሪያው አሠራሩ የተፈጨ ሥጋ አለበት። በደረቁ የተጠበሰው ፎሶሊያም እንዲሁ ነው፤ ቆዳው እስኪሸበሸብ ከተጠበሰ በኋላ የተፈጨ የአሳማ ሥጋ ይገባበታል። «ዓሣ መዓዛ ያለው ደበርጃን» ደግሞ የተገላቢጦሽ ያሳስታል፤ ዓሣ የለበትም፣ ስሙን ያገኘው ለዓሣ ከሚውሉት ቅመሞች ነው፤ የአሳማ ሥጋ ግን ሊኖርበት ይችላል። የአሳማው ነገር የጾም ጥያቄ ብቻ አይደለም። ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም በማናቸውም ቀን የማይበላው ስለሆነ ሁላችንም ልንጠይቅ ይገባል። ሙስሊም ወገኖቻችን በብዙ ሶስ ውስጥ የሩዝ ወይን ጠጅ እንደሚጨመርም ይወቁ። ሦስቱም ምግቦች ግን ያለ ሥጋ ሊሠሩ ይችላሉ፤ ሥጋው የሚጨመረው ምግቡ ሲታዘዝ በእጅ ስለሆነ መተው ለወጥ ሠሪው ምንም አያስቸግረውም።

ትኩስና ጎምዛዛ ሾርባ ግን መታለፍ አለበት። መረቁ ቀድሞ የተዘጋጀ ነው፣ እንቁላልም ይፈስበታል፤ ለአንድ ሰው ተብሎ አይለወጥም። ፍራይድ ራይስ ላይ እንቁላሉ እንዲቀር ማዘዝ ይቻላል። ሎ ሜይን ብዙ ጊዜ የእንቁላል ኑድል ስለሆነ ከሩዝ የተሠራውን ቀጭን ኑድል ይምረጡ። ኤግ ሮል ውስጡ ሥጋ ሊኖር ይችላል፣ ሊጡም እንቁላል ሊይዝ ይችላል፤ ቀጭኑ ስፕሪንግ ሮል የተሻለ ነው፤ ስለ እሱም ቢሆን ይጠይቁ። የተጠበሰ ቶፉ ዶሮው በተጠበሰበት ዘይት ሊጠበስ ይችላል። ይህ የሚያስጨንቀው ሰው ቶፉው ሳይጠበስ በእንፋሎት እንዲበስል፣ ሶሱም ለብቻው እንዲቀርብ ይጠይቅ፤ ብዙ ቤቶች ለዚህ የተለየ ገጽ አላቸው። ዎኩ ራሱ በየምግቡ መካከል በውኃና በቀርከሃ መጥረጊያ ስለሚታጠብ በእርሱ ብዙ አንጨነቅም።

አጂኖሞቶ ስለሚባለው ማጣፈጫ አንድ ነገር መባል አለበት፤ ፍርሃቱ ብዙ ሰው ከእነዚህ ቤቶች አርቋልና። በ1908 የቶኪዮው ኬሚስት ኪኩናኤ ኢኬዳ ከባሕር አረም መረቅ ውስጥ ጣዕሙን የሚሰጠውን ግሉታሜት ለየ፤ በዓመቱ አጂኖሞቶ ተብሎ ለገበያ ዋለ። በ1923 ዉ ዩንቹ የተባለ ቻይናዊ በሻንጋይ ፋብሪካ ከፍቶ ከስንዴ ግሉተን ያመርተው ጀመር፤ ሥጋ የማይበሉ ሰዎችም የሥጋ መረቅ ጣዕም ያለ ሥጋ አገኙ። ዛሬ የሚመረተው ከሸንኮራ አገዳ ተረፈ ምርት ወይም ከበቆሎ ስታርች በማብላላት ነው። ስለዚህ የጾም ነው። መጥፎ ስሙ የመነጨው በ1968 በአንድ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ ከወጣ አጭር ደብዳቤ ነው፤ ጸሐፊው በቻይና ምግብ ቤት ከበሉ በኋላ የሚሰማቸውን መደንዘዝ ገልጸው ምክንያቱ ምን ይሆን ሲሉ ጠየቁ። ከዚያ ወዲህ በጥንቃቄ የተደረጉ ሙከራዎች በተለመደው የምግብ መጠን ወጥ የሆነ ጉዳት አላሳዩም፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም ለምግብነት ደኅና ነው ብሎ ይመድበዋል። ቲማቲምና እንጉዳይም በተፈጥሯቸው ግሉታሜት አላቸው።

እንዴት እንጠይቅ? «ይህ የጾም ነው?» ወይም «ሥጋ አለበት?» ብሎ መጠየቅ በቂ አይደለም። አስተናጋጇ ስለ ብሮኮሊው እያሰበች «የለበትም» ትላለች፤ አልዋሸችም። ጥያቄው ተለይቶ ይቅረብ፦ የዶሮ መረቅ ወይም የዶሮ ዱቄት አለበት? ኦይስተር ሶስ አለበት? እንቁላል አለበት? የተፈጨ አሳማ ይገባበታል? ከዚያ አማራጩን አብረው ያቅርቡ፦ በሶያ ሶስ፣ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል፣ በመረቅ ፋንታ በውኃ ይሠራልኝ። ወጥ ሠሪ ምን እንደማይፈልጉ ብቻ ሳይሆን ምን እንደሚፈልጉ ሲያውቅ ደስ ብሎት ይሠራል። ቤቱ የቡድሃ አማኞች ከሆነ ግን አንድ ልዩነት አለ፤ የገዳሙ ሥርዓት ነጭ ሽንኩርትንና ሽንኩርትንም ይከለክላል፤ ስለዚህ የአትክልት ምግብ ሲባል እነርሱንም ያስቀሩ ይሆናል። ለእኛ ተፈቅዷልና እንዲጨመር ይንገሩ። ዓርብ ማታ ጾምም ነው፣ የቤቱ የገበያ ሰዓትም ነው፤ ከተቻለ ከምሽቱ ግርግር በፊት ይድረሱ። በስልክ የሚያዙ ከሆነ ትእዛዙን መልሰው እንዲያነቡልዎ ይጠይቁ።

አራት ጾመኞች አብረው ከገቡ እንዲህ ቢያዙ አይጸጸቱም፦ አንድ በደረቁ የተጠበሰ ፎሶሊያ ያለ አሳማ፣ አንድ ማፖ ቶፉ ያለ ሥጋና ያለ መረቅ፣ አንድ ቦክ ቾይ በነጭ ሽንኩርት፣ አንድ ደበርጃን ያለ አሳማ፣ የተጨፈለቀ ኪያር በኮምጣጤና በሰሊጥ ዘይት፣ ከዚያ ነጭ ሩዝ። ሳህኖቹ መካከል ላይ ይቀመጣሉ፤ ሁሉም ከሁሉም ይቋደሳል። የቻይና ማዕድ የተሠራው ለዚህ ነው፤ አንድ ሰው አንድ ሳህን ይዞ ብቻውን ሲበላ ግማሹ ጣዕም ይጠፋል። ለአስተናጋጇ ጉርሻ መተው አይርሱ፤ ጥያቄዎን ይዛ ወደ ምድጃው ሁለት ሦስቴ የተመላለሰችው እርሷ ናት። ጾሙ ሲፈታም ተመልሰው ያንኑ ፎሶሊያና ያንኑ ቶፉ ይዘዙ፤ ለጾም ቀን ብቻ የሚበሉ ምግቦች አይደሉም።